ዓይኑ የተሸፈነው ድሮን

ባሏ አናጢ ነው። ስለ ሚስቱ ሲጠየቅ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር የእሷን ወንበር ጠግኜ አላውቅም፤ ተቀምጣበት አታውቅማ» ይላል። ይህን ሲል እሱ አይስቅም፤ የሚስቁት ሰሚዎቹ ናቸው።

መንደሩ በሙሉ የሚያውቃት እንዝርት በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙን ያወጡላት የአባቷ እህት ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ውሃ እንድትቀዳ ይልኳታል። እሷ ግን ጀሪካኗን ምንጩ ዳር ትታ የሁለት ሴቶች ጠብ ልትገላግል ገባች። ጠቡ በጠፋች ፍየል ምክንያት ነው ሲሏት ደግሞ ፍየል ፍለጋ ወጣች። ሲመሽ ፍየሏን እየጎተተች፣ ያለ ውሃና ያለ ጀሪካን ከች አለች። «ይቺስ ልጅ አይደለችም፣ እንዝርት ናት!» አሉ አክስቷ። ስሙ ተለጥፎባት ቀረ።

ካደገች በኋላ ሥራዋ የጤና ኬላው ሬዲዮ ሆነ። ኬላው ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ነርሷ ታክማለች። መስኮቱ ወደ ገደሉ በሚያየው በሌላው ክፍል ውስጥ ሬዲዮው፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ ባትሪ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅና እንዝርት የማትቀመጥበት ወንበር አሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሆስፒታሉን ጠርታ ስንት ሰው እንደታመመ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ ትናገራለች። የመነጋገሪያው ገመድ አጭር ስለነበር ሌላ ሁለት ሜትር አስቀጥላበታለች፤ እየተንጎራደደች ካልሆነ አፏ አይፈታም።

ሆስፒታሉ ከገደሉ ማዶ፣ ከተማው ውስጥ ነው። ለወፍ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ለሰው ግን ቁልቁለቱን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ዳገቱን መውጣት፣ ከዚያም መኪና መጠበቅ አለ። በበጋ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በክረምት እንደ ወንዙ ፈቃድ ነው። የእንዝርት ወገኖች ከተማው ሳይቆረቆር፣ መንገዱም ሳይታሰብ በፊት እዚያ ተራራ ላይ የኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ነባር ሕዝብ ናቸው። የከተማው ሰው «የላዮቹ» ይላቸዋል። የላዮቹም ለከተማው ሰው ያወጡለት ስም አላቸው፤ እሱን መተርጎም ግን ነውር ነው።

ነገሩ የጀመረው በእህቷ ባል ነው። ሰውየው ማር ቆራጭ ነበር። በገደሉ ግድግዳ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በጭስ ንቡን እያባረረ ማር የሚያወርድ፣ በሥራው ወደር የሌለው ሰው። አንድ ክረምት ከገደሉ አፋፍ ላይ ገመዱን ሲጠቀልል እባብ ቁርጭምጭሚቱን ነደፈው። እንዝርት ወዲያው ሬዲዮውን አንሥታ ሆስፒታሉን ጠራች። መድኃኒቱ አለ፣ አሁኑኑ ይነሣል አሏት። መድኃኒቱም ከዚያ ተነሣ፣ ሰውየውም በቃሬዛ ከዚህ ተነሣ፤ ወንዙ ዳር ሊገናኙ ነበር።

ተገናኙም። ወንዙ ግን ሞልቶ ነበር። የሆስፒታሉ ሾፌር የመድኃኒቱን ሣጥን ይዞ ማዶ ቆመ። ማር ቆራጩ ወዲህ ማዶ ቃሬዛው ላይ ተኝቶ ሣጥኑን በዓይኑ ያየዋል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ቀን አለፈ። አንድ ሰው ገመድ ወርውሮ ሞከረ፤ ጎርፉ ገመዱን ወሰደው። እንዝርት ከላይ ኬላው ውስጥ ሆና በሬዲዮ በየሰዓቱ «ወንዙ ስንት ደረሰ?» እያለች ትጠይቃለች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም፤ እሷን የገደላትም ይኸው ነው። በሦስተኛው ቀን ጎርፉ ጎደለ። ሰውየው ተረፈ፤ ግራ እግሩ ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ከቤቱ ደጃፍ አልራቀም።

በዓመቱ እንዝርት ለሬዲዮ ሥልጠና ወደ ከተማ ተላከች። በሁለተኛው ቀን ከሥልጠናው ሾልካ የሆስፒታሉን ግቢ ስታካልል፣ እንደ ተርብ የሚጮህ ነገር ከሰማይ ወርዶ ሣሩ ላይ አረፈ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ሮጦ ከሆዱ ሥር ትንሽ ሣጥን ፈታ። ከቅርብ ጤና ጣቢያ የመጣ የደም ናሙና ነበር። ድሮን እንደሚባል ወሬውን ሰምታለች፤ ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«ስንት ኪሎ ይሸከማል?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«ሁለት ኪሎ ተኩል።»

«ወንዝ ይፈራል?»

መሐንዲሱ ሳቀ። «ወንዝ የሚባል ነገር አያውቅም፣ እትዬ። ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው።»

«ዝናብስ?»

«ካፊያ ይችላል። ጠላቱ ነፋስ ነው።»

«ነፋስ የሚያውቅ ሰው አለኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ አልለቀቀችውም። ጠዋት ቢሮው በር ላይ፣ ቀን ምሳ ቤት፣ ማታ ሲወጣ አጥሩ ሥር ትጠብቀዋለች። በአራተኛው ቀን ኩባንያውን አስፈቅዶ መንደሯን ሊያይ ተስማማ። በኋላ እንደተናገረው፣ የተስማማው አምኖባት አልነበረም፤ ምሳውን በሰላም ለመብላት ብሎ ነው።

የመንደሩ ጉባኤ የተሰበሰበው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ እየመጣ ተደርድረዋል። የጉባኤው ሊቀመንበር እነዚያ ስም አውጪዋ አክስት ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ፣ ሌላው ግን ድምፁን እንዲቀንስ የሚያደርጉ ሴት። መሐንዲሱ ድሮኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ብዙ ተናገረ። አክስት እስከ መጨረሻው ሰሙትና አንድ ነገር ጠየቁ።

«ዓይን አለው?»

«ካሜራ አለው፣ እማማ። ሆዱ ላይ ነው። የሚያርፍበትን እንዲያይ።»

«እኛን ያያል ማለት ነው።»

«እናንተን ሳይሆን መሬቱን ነው።»

«እሱማ ነው ጭንቁ» አሉ አክስት። «ልጄ፣ አንተ ገና ሳትወለድ ይሆናል፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እዚህ ሰማይ ላይ ሦስት ቀን ዞረች። አይተን የማናውቀው ነገር ነው፤ ወጥተን እጃችንን አውለበለብንላት። በሁለተኛው ዓመት ሰዎች ካርታ ይዘው መጡ። ካርታው ላይ የምሥራቁ ጫካ ባዶ መሬት ነበር። ሰው የለበትም ተብሎ ታጠረ፤ ለእንጨት ሠሪዎች ተሰጠ። ያ ሁሉ እጅ ሲውለበለብ አንድ ሰው አልታያቸውም።»

እንዝርት መቆም አቅቷት ከኋላ ስትመላለስ ቆይታ ወደ ፊት መጣች።

«አክስቴ፣ ያለፈው አልጠፋኝም። ግን ይሄን ሰው እዩት!» ብላ በሩ ሥር ወደ ተቀመጠው እህቷ ባል ጠቆመች። «ይሄ ነገር ያን ጊዜ ቢኖረን ኖሮ ዛሬ በሁለት እግሩ...»

ማር ቆራጩ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። «እህት ዓለም፣ እግሬን መፈክር አታድርጊው» አለና ወጣ። ምርኩዙ ደረጃውን ሲወርድ ቋ፣ ቋ ሲል ሁሉም ሰማው። እንዝርት ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ጉባኤው እምቢ አላለም፤ ግን ሦስት ነገር ጠየቀ። ማሽኑ እዚሁ መንደር ይደር። የሚያስነሣውና የሚያሳርፈው ከመንደሩ የሆነ ሰው ይሁን። ዓይኑ ይሸፈን። መሐንዲሱ ሁለቱን ተቀበለ፤ በሦስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ያለ ካሜራ ማሳረፍ ማለት ዓይን ጨፍኖ ደረጃ እንደ መውረድ ነው ብሎ፣ ድሮኑን ሻንጣው ውስጥ ከቶ ተመለሰ።

እንዝርት ያን ሰሞን እንቅልፍም አልወሰዳት፣ እህልም አልቀመሰች። በመጨረሻ እህቷ ቤት ሄደች። ማር ቆራጩ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የቆየ ገመድ ይፈትላል።

«በድዬሃለሁ» አለችው።

«በድለሻል።»

«ይቅር በለኝ።»

«ብያለሁ። አሁን ምን ፈልገሽ ነው?»

«ነፋሱን አሳየኝ።»

«ነፋስ አይታይም፣ አንቺ ሴት።»

«ጭሱን አሳየኛ በቃ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ማር ቆራጭ ነፋስን ካላወቀ የገዛ ጭሱ ዓይኑን ያጠፋዋል፤ ንቡም ይዞርበታል። ሃያ አምስት ዓመት በዚያ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የተማረው ትምህርት ነው። በማግስቱ በበቅሎ ተጭኖ ወጣ። ዘጠኝ ቀን በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ እርጥብ ቅጠል እያጨሱ ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል ተመለከቱ። እሱ ይናገራል፣ እሷ በተማሪ ደብተር ትጽፋለች። ጠዋት ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለስላሳ ነው። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ገደሉ ሲሞቅ ከታች ወደ ላይ ይነሣል፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ያገኘውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ይፈጠፍጣል። ትልቁ ቋጥኝ ጋ ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ይዞራል፤ «እንዳንቺ ነው» አላት።

ደብተሩን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። መሐንዲሱ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ከዚያ ወንበር ሳበ። ኩባንያው የአየር ሁኔታ መረጃ የሚያገኘው ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ጣቢያ ነበርና፣ ስለዚያ ገደል የሚያውቁት ነገር ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል። ደብተሩን ዘግቶ፣ «በድምፅ ርቀት የሚለካ መሣሪያ እንሞክር። የሌሊት ወፍ እንደምታደርገው። ያኔ ካሜራው ቢሸፈንም ያርፋል» አለ።

እንዲህ ተብሎ ተጀመረ። ሁለት ድሮኖች መጥተው በትምህርት ቤቱ መጋዘን አደሩ። አናጢው ባሏ የማረፊያ ጠረጴዛ ሠራ፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር፣ ዳሩ በነጭ ቀለም የተቀባ። የሙከራው ሳምንት ሲጀመር አክስት በየጠዋቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከነርሷ የቁስል ፕላስተር ተቀብለው የድሮኑን ሆድ ገልብጠው ዓይኑን በገዛ እጃቸው ያሽጋሉ። ሁለቴ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። «አሁን ይሂድ» ይላሉ። ማር ቆራጩ ንብ ሲያይ የኖረ ነውና ማሽኑን «ተርቧ» ብሎ ሰየማት፤ ከዚያ በኋላ ድሮን የሚላት አልተገኘም።

በሰባተኛው ቀን ከከተማ እንግዶች መጡ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎችና የኩባንያው አለቃ፣ ዳገቱን በበቅሎ ወጥተው፣ ላብ በላብ ሆነው ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። አለቃው ቶሎ አይቶ ቶሎ መውረድ ፈልጓል።

«አሁን አይሆንም» አለ ማር ቆራጩ። «ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቁ።»

መሐንዲሱ አለቃውን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «ለአጭር ጊዜ ነው» አለና አስነሣት።

ተርቧ አፋፉን አልፋ ጥቂት እንደሄደች ወደ ጎን ተዘረጠጠች። አንዴ ተገለበጠች፤ ከዚያ ቋጥኙን መትታ ቁልቁል ሄደች። ድምፁ ዘግይቶ ነው የተሰማው። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው «ደረሰች?» ብሎ ሲጠይቅ የሳቀም ነበረ።

ሁለት ማር ቆራጮች በገመድ ወርደው፣ አንካሳው መምህራቸው ከላይ ሆኖ «ግራህን! ግራህን ያዝ!» እያለ እየመራቸው፣ ስብርባሪውን በጆንያ አወጡት። አክስት ጆንያውን አስዘረገፉ። እያንዳንዱን ቁራጭ አነሡ፣ ገለበጡ፣ አስቀመጡ። ሆዱ ላይ ፕላስተሩ እንደተለጠፈ ነው። ከአፍንጫው ግን ጥቁሩ ሽፋን ተሰብሮ ነበርና፣ ከሥሩ ምስር የምታክል መስታወት ብልጭ አለች።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ።

መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ አየው። «እሱ... ከፋብሪካው አብሮ የሚመጣ ነው። አደጋ ቢደርስ ምን እንደሆነ ለማወቅ ይቀርጻል።»

አክስት እሱን አላዩትም። እንዝርትን ነው ያዩት። እንዝርት በሕይወቷ አንድ ቦታ ደርቃ የቆመችው ያን ጊዜ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው መሐንዲሱን። «እኔ ነኝ ለዚህ ሕዝብ ቃል የገባሁት። እኔ!»

«ብነግርዎት እምቢ ይሉ ነበር፣ እትዬ።»

«አዎ፣ እንል ነበር! እምቢ ማለት የኛ አልነበረም እንዴ?»

አለቃው ስለ ደንብና ስለ ዋስትና አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት አክስት እጃቸውን አነሡ። «የቀረጸውን አሳዩኝ» አሉ።

እንደገና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተገባ። መሐንዲሱ ላፕቶፑን የልጆች ጠረጴዛ ላይ ከፈተ። የሳምንቱ በረራ ሁሉ አለ። መጀመሪያ የታየው የራሳቸው የአክስት ቤት ጣሪያ ነው። «ተመልከቱ፤ ቀዳዳውን ደፍኜዋለሁ ብሎ የማለልኝ ልጄ የታለ?» አሉ፤ ሰው ፈርቶ ሳቀ። ከዚያ ማሳው፣ ገደሉ፣ ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ። በሦስተኛው ቀን በረራ ላይ ተርቧ ነፋስ ገፍቷት ወደ ምሥራቅ አዘንብላ ነበርና የእንጨት ሠሪዎቹ አጥር ታየ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከተቆረጡ ግንዶች መሐል፣ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይና ከጎኑ የምታበራ ውሃ።

«አቁመው» አሉ አክስት።

ሥዕሉ ቆመ።

«ያ ድንጋይ አባቴ ቢላ የሚስልበት ነው። እዚያ ነው የተወለድኩት።» ጣታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ፤ ግን አልነኩትም። «ውሃው አልደረቀም። ደርቋል ብለውኝ ነበር።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። «ይሄ የተቀረጸበት ዕቃ እኔ ጋ ይቀራል፤ ሌላ ቦታም አይገኝም። የቀረችዋ ማሽን ዓይኖቿ ይውለቁ። ነፋሱን የሚያውቀው ሰው ካልፈቀደ ደግሞ አለቃም ይምጣ ንጉሥ ይምጣ አትነሣም። በዚህ ከተስማማችሁ ቀጥሉ፤ ካልተስማማችሁ ቁልቁለቱ እነሆ።»

አለቃው ተቆጥቶ ወረደ። መሐንዲሱ ግን ቀረ። ትንሽ መፍቻ አውጥቶ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ እያየው፣ የሆዱንም የአፍንጫውንም ካሜራ ነቅሎ መሐረብ ላይ አስቀመጠ። አንዷ ብሎን ከእጁ አምልጣ ጠፋች፤ የጉባኤው ሽማግሌዎች ተንበርክከው ሲፈልጉ ቆዩ። እንዝርት ለሁለት ወር በቅጡ አላናገረችውም። እሱም አልተቀየማትም። ኩባንያው በአክስት ውል እንዲፈርም ያደረገው በኋላ እሱ ነው፤ ለዚህም ከአለቃው ጋር ምን ያህል እንደተጨቃጨቀ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

ማር ቆራጩ ሦስት ወር ከተማ ተቀምጦ ሥልጠናውን ወሰደ። ሲመለስ በሬዲዮው ክፍል መስኮት ሥር ጠረጴዛ ተሰጠው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ በቆርቆሮ የሚጨስ እርጥብ ቅጠል አለ፤ እሱን ሳያይ ማሽን አይነካም። ጠዋት ጠዋት ተርቧ የደም ናሙናና የአክታ ብልቃጥ ይዛ ትሄዳለች፤ ክትባት፣ የስኳር መድኃኒት፣ የሕፃናት ሽሮፕ ይዛ ትመለሳለች። አንዴ መነጽር መጣ። አንዴ ነርሷ የረሳችው የቤት ቁልፍ። አንዲት ባልቴት ለማዶ ልጃቸው ደብዳቤ ላኩ፤ መልሱ በዚያው ቀን ሲመጣ ተናደዱ፣ «ይሄን ያህል ከቸኮለ አላሰበበትም» ብለው።

ፈተናው የመጣው በሁለተኛው ክረምት ነው። ወንዙ ሞልቷል። አንዲት ወጣት ሴት ጤና ኬላው ውስጥ ወለደች፤ ልጁ ደህና፣ እናቲቱ ግን ደሟ አልቆም አለ። ደም የሚያቆመው መድኃኒት ሌሊት ፍሪጁ ቆሞ ተበላሽቶ ነበር። ተርቧ ጠዋት ሄዳ ሆስፒታሉ ግቢ ናት። እንዝርት ጠራቻቸው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ «መድኃኒትና ሁለት ከረጢት ደም ጭነናል። ልቀቁ በሉን» የሚል መልስ መጣ።

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር።

ማር ቆራጩ በመስኮቱ ጭሱን አየ። ጭሱ ከቆርቆሮው እንደወጣ ተበጣጥሶ ወደ ላይ ይወረወራል። «አይሆንም» አለ።

«ደሟ እየፈሰሰ ነው!»

«ሰምቻለሁ።»

«ነርሷ የሴቲቱን ሆድ በእጇ ተጭና ነው ያለችው! በእጇ!»

«ሰምቻለሁ፣ እህት ዓለም።»

የሬዲዮው መነጋገሪያ በእንዝርት እጅ ነው። ልቀቁ ለማለት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ቁልፉን መጫንና አንድ ቃል መናገር ብቻ ነው። ተጫነችው። ሬዲዮው ጠቅ አለ፤ ማዶ ያሉት ቃሏን ይጠብቃሉ።

ማር ቆራጩ አልተነሣም፤ እጇንም አልያዘም። «ሁለት ቀን ወንዝ ዳር ተኝቼ ሣጥኑን አየው ነበር» አለ በቀስታ። «ከኔ የበለጠ የቸኮለ ሰው አለ? ግን ማሽኗ አንድ ናት። አሁን ተነሥታ ቋጥኙን ከመታች፣ መድኃኒቱም ደሙም እዚያው ነው። ሌላ የለንም።»

ቁልፉን ለቀቀችው። እንደገና ተጭና «ጠብቁ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደተናገረች አታስታውስም። መነጋገሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች።

ጤና ኬላውን መዞር ጀመረች። የሴቲቱ ባል በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በስንጥር ይጭራል፤ በዞረች ቁጥር ቀና ብሎ ያያታል፣ በዞረች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። አናጢው መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዙሯን ሲቆጥር፣ ሠላሳ አንድ ላይ ከውስጥ ነርሷ «ስንት ቀረው?» ብላ ጮኸች። እንዝርት በመስኮቱ በኩል የእህቷን ባል አየችው። እንደ ሐውልት ተቀምጦ ጭሱን ያያል፤ የግንባሩ ላብ ግን አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እስከዚያ ድረስ የምትሮጠው እሷ ብቻ ትመስላት ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ደመና ፀሐይዋን ጋረዳት። ገደሉ ቀዘቀዘ። ጭሱ አንዴ ተጠማዘዘ፣ አንዴ ተኛ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ልቀቁ በያቸው!»

እንዝርት በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። ተርቧ ቋጥኙ ጋ ስትደርስ ተንገዳገደች፤ ማር ቆራጩ በጥርሱ መሐል አንድ ነገር አለ፤ ተስተካከለች። ጠረጴዛው ላይ አርፋ ክንፎቿ ሳይቆሙ እንዝርት ሣጥኑን ፈትታ ሮጠች። አመሻሹ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ነርሷ እጇን ታጥባ ወጣች። «ተርፋለች» ብላ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። የሴቲቱ ባል ማንን ማቀፍ እንዳለበት ግራ ገብቶት አናጢውን አቀፈ።

እንዝርት አልተደሰተችም ማለት አይቻልም። ግን በማግስቱ ጠብ ጀመረች። «ሰባት ተኩል ላይ ብትነሣ ትደርስ ነበር» አለችው።

«ትደርስ ይሆናል።»

«ታዲያ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ?»

«ላትደርስም ትችል ነበር። አላውቅም። አንቺም አታውቂም።»

«እሷ ብትሞትስ ኖሮ?»

«ያኔ እንዲህ እየተጣላን አንቀመጥም ነበር» አለ። «እኔ ወደ ደጃፌ፣ አንቺም ወደማላውቀው።»

ወር ያህል ከሬዲዮ ቃል በቀር አልተነጋገሩም። እህቷ መሐል ገብታ ልታስታርቅ ሞከረች፤ ሁለቱም «አልተጣላንም» አሏት። አንድ ጠዋት እንዝርት ለተርቧ ባትሪ ስታመጣለት ዝም ብሎ ወንበር ገፋላት፤ እሷም እግሯን ወንበሩ ላይ አሳርፋ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረች። እሱ ይህን እርቅ ብሎ ቆጠረው።

እናቲቱ አሁን ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። መንደሩ ሦስት ማሽኖች አሉት፤ ዓይን ያላት የለችም። አክስት ከቤት አይወጡም፤ ግን አንዳንድ ከሰዓት በኋላ፣ መሐንዲሱ መንደሩ ሲመጣ፣ ሰው ልከው ያስጠሩትና፣ ያን የተቀረጸውን አውጥተው በላፕቶፑ ያያሉ። ጉባኤው ስለ ምሥራቁ ጫካ ለመንግሥት አቤቱታ ጽፏል። እስካሁን መልስ የለም።

ባለፈው ወር ከሦስት ተራራ ወዲያ ካሉ መንደሮች መልእክት መጣ፤ እነሱም ተርብ ይፈልጋሉ። መሐንዲሱ «ጥናት ያስፈልጋል፣ ትንሽ እንታገሥ» አለ። እንዝርት ማር ቆራጩን ጠየቀች፤ የዚያን አገር ነፋስ አላውቅም አላት፣ ማር የለበትም። አዲስ ደብተር ገዝታ ሄደች። አራት ቀን ጠፋች። በአምስተኛው ቀን ከአንድ ሩቅ መንደር ሬዲዮ ድምጿ ተሰማ።

«አገኘሁ!» አለች። «አንዲት እህል የሚያዘሩ ባልቴት ናቸው። ገለባውን ወደ ላይ በትነው የነፋሱን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይነግሩኛል። ቋንቋቸውን ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው።»

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አለ ማር ቆራጩ። «ሬዲዮውን እኔ፣ ማሽኑን እኔ፣ የነርሷን ንዝንዝ እኔ!»

«የክረምቱን ነፋስ ገና አልነገሩኝም።»

«ክረምት እኮ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል!»

ከወዲያ የመጣው ግን የእግር ኮቴና የገመድ መንሿሿት ብቻ ነው። የዚያ መንደር የሬዲዮ ገመድ ለሚንጎራደድ ሰው አጭር ሳይሆን አይቀርም።